የመጀመሪያው ሲቪ፦ «ልምድ የለኝም» ከማለታችሁ በፊት

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጋዋን ለብሰው ፎቶ የተነሡ ልጆች መስከረም ሲጠባ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። «ሲቪዬ ላይ ምን ልጻፍ? የትም ሠርቼ አላውቅም።» ማስታወቂያው «0 ዓመት» ቢልም ጭንቀቱ አይቀልም። ስም፣ ስልክና ዩኒቨርሲቲ ከተጻፈ በኋላ እጅ ይቆማል። ከዚያ የጓደኛ ሲቪ በቴሌግራም ይመጣል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ይላካል። ቀጣሪው እጅ የሚገባው ከሌላው የማይለይ ወረቀት ነው።

እኔ እንደማምነው አብዛኛው አዲስ ተመራቂ የሚጻፍ ነገር አላጣም። ያጣው የሠራውን ነገር እንደ ሥራ ቆጥሮ መናገርን ነው። ሲቪውና ቃለ መጠይቁም የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያሰፈራችሁት እያንዳንዱ መስመር ቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ አዘጋጁ። አፋችሁን ሞልታችሁ ልታወሩለት የማትችሉትን መስመር አትጻፉ። ልታወሩለት የምትችሉትን ደግሞ አትተዉ።

መጀመሪያ ማስታወቂያውን

ድሮ ሥራ ፈላጊ አራት ኪሎ ቦርድ ሥር ቆሞ፣ ወይም ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን ገልጦ ነበር የሚያነበው። አሁን አብዛኛው ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናልና በሥራ ድረ ገጾች ነው የሚደርሰን። ችግሩ፣ ቻናሎች ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት አሳጥረው ነው። የሥራ መደቡን ስም አይታችሁ ብቻ አትላኩ። ሊንኩን ከፍታችሁ ሙሉውን አንብቡ።

እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አገኛችሁ እንበል። «ጁኒየር አካውንታንት። በአካውንቲንግ ወይም በተዛማጅ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ። 0 ዓመት። ፒችትሪ የሚችል። የደንበኞችን ሒሳብ የሚከታተል። ደመወዝ በስምምነት።» እዚህ ውስጥ መልስ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር ትችላላችሁ? የት ተማራችሁት? የደንበኛ ሒሳብ ስትከታተሉ የነበረበት አጋጣሚ አለ? ዲግሪያችሁ ኢኮኖሚክስ ከሆነ «ተዛማጅ» የሚለው ቃል በሩን ከፍቶላችኋል፤ ግን የወሰዳችኋቸውን የአካውንቲንግ ኮርሶች ስም ካልጻፋችሁ ሰውዬው በራሱ ፈልጎ አያገኝላችሁም። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከሲቪያችሁ የላይኛው ግማሽ ላይ መታየት አለበት። መጀመሪያ የሚያጣራው ሰው ብዙ ሲቪ ፊቱ ተከምሯል፤ አንዱን ወረቀት ረጅም ጊዜ ይዞ አይቆይም።

ለዚህ ነው አንድ ሲቪ ለሁሉም ቦታ አይሆንም የምለው። በየማስታወቂያው ከባዶ ጀምሩ ማለቴ አይደለም። አንድ ረጅም ፋይል ይኑራችሁ፤ የሠራችሁት ሁሉ እዚያ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ሥራ የሚስማማውን ከዚያ እየመረጣችሁ አንድ ገጽ አውጡ። የላካችሁትንም በድርጅቱ ስም አስቀምጡ። በኋላ ሲደወልላችሁ «የትኛውን ነበር የላክሁት?» ብሎ መወዛገብ ይቀራል።

ስለ ማስረጃም አንድ ነገር ላንሣ። ከ2015 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ፈተናውን ማለፋችሁን ከዲግሪያችሁ ጎን በአንድ መስመር ጥቀሱ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ በወጪ መጋራት ምክንያት ኦሪጅናሉን ገና ካልወሰዳችሁ በቴምፖ (በጊዜያዊው ማስረጃ) ማመልከት የተለመደ ነው፤ እሱን ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ሲጂፒኤ ጥሩ ከሆነ ይጻፍ። ማስታወቂያው ከጠየቀ ግን ጥሩም ባይሆን ይጻፍ፤ መደበቅ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል።

«የሥራ ልምድ፦ የለም»

አንዲት የአካውንቲንግ ተመራቂ እናስብ። ሲቪዋ ላይ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብላለች። ቁጭ አድርጋችሁ ስትጠይቋት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አጎቷ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለው። ሁለት ክረምት እዚያ ስትረዳው ነበር። አጎቷ የዱቤ ደንበኞቹን ደብተር ላይ ነው የሚጽፈው፤ አንዱ ገጽ ላይ ሦስት ሰው፣ የተሰረዘና የተደለዘ። እሷ ደብተሩን ወደ ኤክሴል አዛወረችው። በየሳምንቱ ማን ስንት እንዳለበት አውጥታ ትሰጠው ነበር። ሲሚንቶና ብረት ሲገባም ከደረሰኙ ጋር እያመሳከረች ትቆጥራለች።

ይህ ልምድ አይደለም የሚል ማነው? በየትኛውም ድርጅት ሰዎች ለዚህ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ደመወዝ ስላልተከፈላት ብቻ እሷ ሥራ ብላ አልቆጠረችውም።

ታዲያ እንዴት ትጻፈው? «በቤተሰብ ሱቅ ረድቻለሁ» ብትል ማንም አይን አይጥልበትም። «ሲኒየር አካውንታንት» ብትል ደግሞ ውሸት ነው። ማንም ያልሰጣችሁን ማዕረግ ለራሳችሁ አትስጡ። እንዲህ ብትጽፈው ግን እውነትም ነው፣ ሙሉም ነው፦

«የቤተሰብ ንግድ፣ የግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. ክረምት። የዱቤ ደንበኞችን መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል አዛውሬያለሁ። ያልተከፈለ ዕዳ ዝርዝር በየሳምንቱ አዘጋጅ ነበር። የሚገባ ዕቃ ከደረሰኝ ጋር አመሳክሬ እረከብ ነበር።»

ልብ በሉ፣ «ታታሪ»፣ «ታማኝ»፣ «በቡድን መሥራት የምችል» የሚል የለበትም። እነዚህን ቃላት ሁሉም ይጽፋቸዋል፤ ስለዚህ ማንንም ከማንም አይለዩም። ደብተሩን ወደ ኤክሴል ያዛወረች ልጅ ታታሪ መሆኗን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

እናንተም ተመሳሳይ ነገር አላችሁ። ኢንተርንሺፕ ወጥታችሁ ማህደር ብቻ ስታስተካክሉ ከርማችሁ ይሆናል። «በእገሌ መሥሪያ ቤት ኢንተርንሺፕ ወጥቻለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ምን ዓይነት ማህደር ነበር? በምን ቅደም ተከተል አደራጃችሁት? ከዚያ በኋላ ሰው ፋይል ፈልጎ ለማግኘት ቀለለው? ሲኒየር ፕሮጀክታችሁ ላይ መጠይቅ ያዘጋጀው ማነው? መረጃውን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባውስ? የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠንታችኋል? የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጀመዓ ገንዘብ ያዥ ነበራችሁ? በክረምት በጎ ፈቃድ ሰው ታስተባብሩ ነበር? የካፌ መስተንግዶ፣ የጀበና ቡና፣ የሞባይል ጥገና፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ «እኔ በእጄ ምን ሠራሁ? በኔ ምክንያት ምን ተሻለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ካላችሁ ጻፉት፤ ከሌላችሁ አትፍጠሩ።

መፍጠር ስል፣ የሐሰት የልምድ ደብዳቤ አጽፉ የሚሏችሁ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አትስሟቸው። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ቀጣሪዎች ደብዳቤውን የጻፈው ድርጅት ድረስ ደውለው ያጣራሉ፤ ከዓመታት በኋላ ተደርሶበት የተባረረ ሰው አለ። «ኤክሴል፦ እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለውም ያው ነው። ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው «ይህን ደምሪና በስም ደርድሪ» ቢሉ ምን ይመጣል? «መሠረታዊ» ብላችሁ መጻፍ ምንም ነውር የለውም።

ስም፣ ዓመት፣ ሰዓት

እነዚህ ሦስቱ ትንሽ ይመስላሉ፤ ግን እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያደናቅፉት እነሱ ናቸው።

ስማችሁ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በዲግሪው፣ በፋይዳ መታወቂያውና በሲቪው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው። ተቀጥራችሁ ማስረጃ ሲመሳከር «ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ ነው ወይ?» የሚል ጣጣ ውስጥ ትገባላችሁ። ልዩነት ካለ ከአሁኑ ማስተካከል ይሻላል።

ዓመቱ የባሰ ነው። ሐምሌ 2016 የተመረቀ ልጅ እንግሊዝኛ ሲቪው ላይ 2016 ብሎ ብቻ ቢጽፍ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚያነብ ቀጣሪ የተመረቀው ከስምንት ዓመት በፊት ይመስለዋል። ከዚያ «ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ ሥራ?» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ በፈረንጆች ቁጠሩ፤ ሐምሌ 2016 ማለት 2024 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። አማርኛ ሲቪ ከሆነ በእኛው ይሁን፤ «ዓ.ም.» በሉበት። አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ አታደባልቁ።

ሰዓትም እንዲሁ። በቴክስት «ነገ 3፡00 ቃለ መጠይቅ አለዎት» ቢላችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጆቹ ቆጥረው ከሰዓት 9 ሰዓት? መልሳችሁ ደውሉና «ጠዋት ነው ከሰዓት?» በሉ። ማንም አይቀየማችሁም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ሲቪው አንድ ገጽ፣ ፒዲኤፍ፣ የፋይሉ ስም የራሳችሁ ስምና የሥራ መደቡ ይሁን። ኢሜይላችሁ ስማችሁን የያዘ ይሁን፤ በሃይስኩል የከፈታችሁትን የቅጽል ስም ተዉት። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታና ዕድሜ ካልተጠየቀ አይጻፍ። ፎቶም ማስታወቂያው ካላለ አያስፈልግም። «ፈታኝ በሆነ አካባቢ ሠርቼ ራሴንም ድርጅቱንም ለማሳደግ» የምትለው አንቀጽ ከኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱ የመጣች ናት፤ አውጧትና ቦታዋን ለዱቤ መዝገቡ ስጡ። ሪፈረንስ የምታደርጉትን መምህር ወይም አለቃ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ያመለከታችሁበትንም ሥራ ንገሩት፣ ሲደወልለት እንዳይደናገር።

ስልኩ ሲጠራ

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ከቃለ መጠይቁ በፊት የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ። የሙያ ጥያቄ፣ እንግሊዝኛና የሒሳብ ማመዛዘኛ ይኖረዋል። ለመውጫ ፈተና ያጠናችሁበትን አትጣሉ፤ እዚህ ይጠቅማል።

ካመለከታችሁ በኋላ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሡ። የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ ስለ ድርጅቱ አንብቡ። ምን ይሸጣል? ደንበኞቹ እነማን ናቸው? ከቻላችሁ እዚያ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ሰው በሰው መተዋወቅ በእኛ አገር ቀላል ነው። ይህን ማድረግ ዘመድ ፈልጎ መቀጠር አይደለም፤ መረጃ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ነው። ብዙዎቻችን የትውልድ ቦታችንን፣ አንደኛ ደረጃ የተማርንበትን፣ ማትሪክ የወሰድንበትን እንተርካለን። ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ከሥራው ጋር የሚገናኝ አንድ ነገር አልተነገረም። የቅድሟ ልጅ እንዲህ ብትልስ?

«ያጠናሁት አካውንቲንግ ነው። ክረምት ክረምት አጎቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ እይዝ ነበር። ሒሳብ ሲዘበራረቅ የሚያመጣውን ጣጣ ያየሁት እዚያ ነው። እዚህ ያመለከትኩትም ማስታወቂያው ላይ የደንበኞች ሒሳብ ክትትል የሚል ስላየሁ ነው።»

አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጠያቂው ደግሞ ወዲያው «ምን ዓይነት ጣጣ?» ይላታል። እዚህ ጋ ታሪኩ መኖር አለበት። «አንድ ደንበኛ ከፍያለሁ አለ፤ ደብተሩ ላይ ግን አልተሰረዘም። አጎቴና እሱ ሊጣሉ ደረሱ። የደረሰኝ ጥራዙን አገላብጬ የከፈለበትን አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ኤክሴሉ ላይ የደረሰኝ ቁጥር የሚገባበት ዓምድ ጨመርኩ፤ ቁጥር የሌለው ክፍያ አልመዘግብም ነበር።» ይህን ያለች ልጅ «ችግር ስትፈቺ ንገሪን»፣ «ከሰው ጋር ስትጋጪ ምን ታደርጊያለሽ?»፣ «ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» ለሚሉትም መልስ አላት። ሦስት እንዲህ ያሉ ታሪኮች አዘጋጁ። ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ መጨረሻው ምን ሆነ። አብዛኛው ጥያቄ ከሦስቱ በአንዱ ይመለሳል።

«እኔ ምን አደረግኩ» የሚለው ብዙዎቻችንን ይከብደናል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ «እንሠራ ነበር፣ አዘጋጅተናል» እንላለን፤ ጠያቂውም የናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ይወጣል። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ጉራ ነው። «መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ትንተናውን ደግሞ ጓደኛዬ ሠራ» ማለት ግን የሆነውን መናገር ነው። ሌላውን ስትጠቅሱ እንዲያውም ታማኝነታችሁ ይታያል። ታላቅ ሰው ፊት አንገት መድፋትና ድምፅ ዝቅ ማድረግም እንደ አክብሮት ነው የተማርነው። አክብሮቱን «እርስዎ» በማለት፣ ሲናገሩ ባለማቋረጥ አሳዩ፤ ዓይናችሁንና ድምፃችሁን ግን ቀና አድርጉ።

መልሱን በልባችሁ አታጥኑት፤ በአፋችሁ ተናገሩት። ታናሽ እህታችሁ ታዳምጣችሁ፣ ወይም በስልካችሁ ቅዱት። በልብ ያማረ መልስ ከአፍ ሲወጣ ይንተባተባል፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይስተካከላል። በእንግሊዝኛ ከጠየቋችሁ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር መልሱ። አንድ ነጥብ ላይ ቃል ከጠፋችሁ «ይህችን በአማርኛ ላስረዳ?» ብሎ ማስፈቀድ ይቻላል። የማታውቁት የሙያ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ «ይህን አላውቀውም፤ ግን እንዲህ ብዬ አጣራዋለሁ» በሉ። መቀባጠር ቶሎ ይታወቃል።

በግል ድርጅት ሠራተኞች ላይ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት መለየትን ይከለክላል። እንዲያም ሆኖ «ልታገቢ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ይመጣል። ተቆጥቶ መውጣት አማራጭ ነው። ካልፈለጋችሁ «ሥራዬን የሚያስተጓጉል ነገር የለም» ብሎ ወደ ሥራው መመለስ ይበቃል።

ደመወዝና ፊርማ

«ስንት ትፈልጋለህ?» ሲባል «እናንተ ያላችሁትን» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ግን የሚጎዳው እናንተን ነው። በዚያ መደብ የሚሠሩ ሰዎችን ቀድማችሁ ጠይቁና ከዚህ እስከዚህ በሉ። የምትጠሩት ቁጥር ግሮስ (ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ) ይሁን ኔት (ተቆርጦ የሚቀረው) ለይታችሁ ተናገሩ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 እስከ 35 ከመቶ ደረጃ በደረጃ ይቆረጥበታል። ከሠራተኛው 7 ከመቶ የጡረታ መዋጮም አለ። 10,000 ብር ግሮስ ቢሏችሁ 1,650 ለግብር፣ 700 ለጡረታ ሄዶ እጃችሁ የሚገባው 7,650 ነው። የቤት ኪራይና የታክሲ ሒሳባችሁን ከዚህ ጋር ነው የምታነጻጽሩት።

በዕለቱ ዋናውንም ኮፒውንም ማስረጃ ያዙ። ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ ይበቃል፤ ለሱፍ አትበደሩ። የጠዋት የታክሲ ሰልፍ የሚታወቅ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሲጨርሱ «ጥያቄ አለህ?» ይላሉ። «የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ምን ላይ ነው የምሠራው?» እና «ውጤቱ መቼ ይታወቃል?» ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለመቀጠር ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ግን ጉዳዩ እዚያው ያብቃ። ለፎርም፣ ለሥልጠና፣ «ለመመዝገቢያ» እያሉ በቴሌብር አስልከው የሚጠፉ አሉ። እውነተኛ ቀጣሪ ይከፍላችኋል እንጂ አያስከፍላችሁም። ዋስ አምጡ መባል ግን ሌላ ነው። በባንክ፣ በገንዘብ ያዥነትና በንብረት ክፍል የተለመደ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማጻፍ ስላለበት ቀናት ይፈጃል፤ ማንን እንደምትጠይቁ ቀድማችሁ አስቡ።

ውል ሲሰጣችሁ የሙከራ ጊዜውን ፈልጉ። በዚያው በ1156/2011 መሠረት ሙከራ የሚኖረው በጽሑፍ ሲስማሙበት ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም መብለጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ፤ እናንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። ውሉ ላይ «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የፈረማችሁበትን ውል አንድ ቅጂም ይዛችሁ ውጡ።